ቱስትሪንግ ጻፍኩ ብሎ መተኛት፦ ጃቫስክሪፕት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ኦብጀክት (መረጃን ከነተግባሩ የያዘ የኮድ ዕቃ) ወደ ጽሑፍ ሲቀየር በካሬ ቅንፍ የታጠረ «ኦብጀክት ኦብጀክት» ስክሪኑ ላይ ያላየ የጃቫስክሪፕት (የፕሮግራም ቋንቋው) ሰው የለም። መድኃኒቱንም ሁሉም ያውቀዋል፤ ክላሱ (የኦብጀክቱ ንድፍ) ላይ ቱስትሪንግ የሚባለውን፣ ኦብጀክቱን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ሜተድ (ተግባር) መጻፍ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ትልቁ ስህተት ቱስትሪንግ ሁልጊዜ ይጠራል ብሎ ማመን ነው። እኔም አምኜ ነበር። አንድ ቦታ ስሠራ የብር መጠን የሚይዝ ክላስ ጻፍኩ። ሒሳቡን የሚይዘው በሳንቲም ነው። ቱስትሪንግ «150 ብር» ይመልሳል፤ ለማወዳደር እንዲመች ቫልዩኦፍ (የኦብጀክቱን ጥሬ ዋጋ የሚሰጠው ሜተድ) በሳንቲም 15000 ይመልሳል። በባክቲክ ምልክት (`) በታጠረ ጽሑፍ ውስጥ አስገብቼ ሞከርኩት፤ «ጠቅላላ 150 ብር» አለኝ። ለቀቅኩት። ባልደረባዬ ግን በሌላ ፋይል ያንኑ ኦብጀክት ከጽሑፍ ጋር ያያያዘው በመደመር ምልክት ነበር። ለደንበኛው «ጠቅላላ 15000» የሚል የስልክ መልእክት ደረሰው። ሰውየው ደንግጦ ደወለ።

ባክቲክ ውስጥ ጃቫስክሪፕት ጽሑፍ እንደተፈለገ ስለሚያውቅ ቱስትሪንግን ያስቀድማል። መደመር ላይ ግን፣ ከጎኑ ጽሑፍ ቢኖርም እንኳ፣ መጀመሪያ የሚጠራው ቫልዩኦፍን ነው። እሱ ቁጥር ከመለሰ ነገሩ እዚያው አለቀ። ዴት (ቀንና ሰዓት የሚይዘው ኦብጀክት) ግን መደመር ላይም ጽሑፍ ይመርጣል፤ በእሱ የለመደ ሰው ሌላውም እንደዚያ ይመስለዋል።

ሁለቱንም ከጻፋችሁ እባካችሁ በሁለቱም መንገድ ሞክሩ። የሚሻለው ግን በ2015 (እ.ኤ.አ.) የመጣው ሲምቦል ቱፕሪሚቲቭ የሚባለው ልዩ ሜተድ ነው። እሱ ካለ ለውጡ ሁሉ በእሱ ብቻ ያልፋል። «ስትሪንግ»፣ «ነምበር» ወይም «ዲፎልት» የሚል ፍንጭ ይቀበላል፤ መደመር የሚልከው «ዲፎልት»ን ነው። ብዙ ጀማሪ «ስትሪንግ»ን ብቻ ለይቶ ለቀረው ሁሉ ቁጥር ይመልሳል። ይኸው የኔ 15000 ተመልሶ መጣ! ጽሑፍ ቢመልስም አይድንም፤ ሁለት ዋጋ ሲደመር «150 ብር50 ብር» ይወጣል። ለገንዘብ ዛሬ «ዲፎልት» ሲመጣ ኤረር እንዲወረውር ነው የማደርገው። መደመር የፈለገ የመደመሪያውን ሜተድ በስሙ ይጥራ።

ኦብጀክት ውስጥ ቱስትሪንግን በአሮው ፈንክሽን (በቀስት ምልክት በሚጻፈው አጭር ፈንክሽን) አትጻፉ፤ ዚስ (ሜተዱ የተጠራበትን ኦብጀክት የሚያመለክተው ቃል) የእናንተን ኦብጀክት አያገኘውም። ሪተርን (ውጤት የሚመልሰውን ትእዛዝ) ከረሳችሁ ደግሞ «አንዲፋይንድ»፣ ማለትም ዋጋ የለውም፣ ይታተማል።

አንዲት ልምምድ ላይ ያለች ልጅ ከሰዓቱን ሙሉ «ቱስትሪንጌ አይሠራም» ብላ ስትታገል አገኘኋት። ኮዷ አንድም ስህተት አልነበረበትም። የምታየው በኮንሶል ሎግ (ለፕሮግራመሩ መፈተሻ በሚያትመው ትእዛዝ) ነበር፤ እሱ ደግሞ ኦብጀክቱን ከነፊልዶቹ ዘርዝሮ ያሳያል እንጂ የእናንተን ቱስትሪንግ አይጠራም። ስትሪንግ በሚለው ፈንክሽን አሳልፋችሁ አትሙት። እንዲህ ያለ ነገር ልብ ይሰብራል፤ ቶሎ ጠይቁ።

ኦብጀክትን ጄሰን ወደሚባለው የመረጃ መላኪያ ጽሑፍ የሚቀይረው ጄሰን ስትሪንጊፋይም ቱስትሪንግን አያውቅም። የሚፈልገው ቱጄሰን የሚባለውን ሜተድ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ድምፅ የለውም። ኦብጀክትን የሌላ ኦብጀክት ቁልፍ (መረጃ የሚፈለግበት ስም) ስታደርጉት ወደ ጽሑፍ ይቀየራል። ቱስትሪንጋችሁ ስም ብቻ የሚመልስ ከሆነ አበበ የሚባሉ ሁለት ደንበኞች አንድ ቁልፍ ይሆናሉ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሒሳብ ይደመስሰዋል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ለዚህ ማፕ (ቁልፍና ዋጋ የሚያጣምር ማስቀመጫ) ተጠቀሙ፤ እሱ ኦብጀክቱን እንዳለ ነው የሚይዘው።