ጀማሪ ፍሪላንስ ኮፒራይተሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍሪላንስ ኮፒራይተር፣ ማለትም በግሉ እየተዋዋለ ማስታወቂያ የሚጽፍ ባለሙያ፣ ለመሆን የሚነሱ ብዙ ሰዎች የሚጀምሩት “ጥሩ እጽፋለሁ” ከሚል እምነት ነው። እምነቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ፈልጎ፣ ገዝቶ፣ ጊዜ ሰጥቶት ያነባል። ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ግን ለሌላ ጉዳይ ስልኩን ከፍቶ ሳለ እርስዎ ድንገት መሐል የገቡበት ሰው ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች በአብዛኛው ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፦ ጸሐፊው ዓይኑን ከዚያ ሰው ላይ ያነሳና ራሱ ላይ ያሳርፋል።

ለመደነቅ መጻፍ

“እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው!” የተባለለት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የከሸፈ ማስታወቂያ ነው። አንባቢው ስለ ጽሑፉ ውበት ማውራት ከጀመረ ስለ ዕቃው ማሰቡን ትቷል። መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ይህ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ምን እንዲያደርግ ነው የምፈልገው? ይደውል? ይመዝገብ? ዋጋ ይጠይቅ? መልሱ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ከሆነ ሁለት ማስታወቂያ ያስፈልጋል።

ሳያጠኑ መጻፍ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው ብዬ ስለማምን ትንሽ ልቆይበት።

ዝነኛው የማስታወቂያ ሰው ዴቪድ ኦጊልቪ የሮልስ ሮይስ መኪናን ማስታወቂያ ሲረከብ ስለ መኪናው በማንበብ ብቻ ሦስት ሳምንት አሳልፏል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ዝነኛ ርዕሱ፣ መኪናው በሰዓት 60 ማይል (96 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲጓዝ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ድምፅ የኤሌክትሪክ ሰዓቱ ነው የሚለው፣ ከራሱ ጭንቅላት የፈለቀ አልነበረም። አንድ የመኪና መጽሔት ስለ መኪናው የጻፈውን ሲያነብ ያገኘው ነው። ለዚያ አንድ ማስታወቂያ 26 ርዕሶች ጽፎ፣ የተሻለውን እንዲመርጡለት ለባልደረቦቹ ሰጣቸው። ጀማሪው ግን ሁለት ርዕስ ጽፎ አንዱን ይወድና ይልካል።

ከኦጊልቪ ቀድሞ የነበረው ኮፒራይተር ክላውድ ሆፕኪንስም የሽሊትዝ ቢራን ማስታወቂያ ለመጻፍ መጀመሪያ ወደ ፋብሪካው ነው የገባው። ጠርሙሶቹ በእንፋሎት ሲጸዱ አይቶ ተገረመና “ይህን ለምን ለሰው አትነግሩም?” ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ጠማቂ እንዲሁ ነው የሚያደርገው አሉት። ሆፕኪንስ ግን ሁሉም የሚያደርገውን፣ ነገር ግን ማንም ያልተናገረውን ነገር ቀድሞ የተናገረ ሰው የራሱ እንደሚያደርገው ገብቶት ነበር። ጻፈው፤ ቢራውም ተሸጠ።

ለእርስዎ ፋብሪካ መግባት ላያስፈልግዎ ይችላል። የደንበኛዎን ወይም የተፎካካሪውን ዕቃ የገዙ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን አስተያየት ያንብቡ። በተለይ ባለ ሦስት ኮከቦቹን። አምስት የሰጠው ያመሰግናል፣ አንድ የሰጠው ይናደዳል፤ ሦስት የሰጠው ግን ምን ጠብቆ ምን እንዳጣ በዝርዝር ይነግርዎታል። ከዚያ የደንበኛዎን የሽያጭ ሠራተኛ ወይም ስልክ የሚያነሳውን ሰው ያነጋግሩ፤ ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት ደጋግመው ምን እንደሚጠይቁ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ባለቤቱ ራሱ እንኳ። የሰሙትን በራስዎ ቋንቋ አያሳምሩት። ገዢው “ገንዘቤ የት እንደሚገባ አላውቅም” ካለ እንደዚያው ማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩት። “የፋይናንስ ግልጽነት ችግር” ብለው ከጻፉት በኋላ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

በቅጽል መሸፈን

ያልተጠና ነገር የሚታወቀው በቅጽሉ ብዛት ነው። አንድ ምሳሌ ቀርበን እንይ።

“ዘመናዊ፣ አስተማማኝና ተመራጭ የሒሳብ አያያዝ መተግበሪያ።” ይህን ዓረፍተ ነገር ለተፎካካሪው ቢሰጡት አንድ ቃል ሳይቀይር ይጠቀምበታል። “የሒሳብ ሥራዎን የሚያቀልልዎ መተግበሪያ” ብለው ቢያሻሽሉት ትንሽ ይሻላል፤ እንዴት የሚያቀልል የሚለው ግን አሁንም አልተመለሰም። ስለዚህ ደንበኛውን ይጠይቁታል፦ መተግበሪያው በትክክል ምን ያደርጋል? “ደረሰኙን በስልክ ፎቶ ሲያነሱት ቀኑንና ዋጋውን አንብቦ ራሱ ይመዘግባል” ይልዎታል። በቃ፣ ማስታወቂያው እዚያ ውስጥ ነው፦ “ደረሰኙን ፎቶ ያንሱት። ምዝገባው አለቀ።” አንድም ቅጽል የለበትም። ተፎካካሪው ሊወስደው ቢፈልግ ደግሞ መጀመሪያ መተግበሪያውን መሥራት አለበት።

በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሲጠይቁት ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ “ዘመናዊና አስተማማኝ” ዓይነቱን ጽሑፍ ማንም ሰው በሰከንዶች ውስጥ ማግኘት ይችላል። ደንበኛ ለእሱ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ርዕስ ለማማረጥ ወይም ያላዩትን ጥያቄ ለመፈለግ ቢጠቀሙበት አልቃወምም፤ ስልክ የሚያነሳውን ሠራተኛ ግን ሄዶ አያነጋግርልዎትም።

አንድን አንባቢ በሦስት ስም መጥራት

ይሄ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ነው፤ በየቀኑ የማየው ስህተትም ነው። ርዕሱ ላይ “ዛሬውኑ ጀምር”፣ መሐሉ ላይ “ብዙ ጥቅም ያገኛሉ”፣ አንባቢው የሚነካው ቁልፍ ላይ “ተመዝገቡ” ይላል። ማንን ነው የምታናግሩት ያሰኛል። “አንተ” ካሉ ግማሹን አንባቢ፣ ሴቶቹን፣ በሩ ላይ ትተዋቸዋል። “እርስዎ” ለባንክና ለሕክምና ይስማማል፤ ለወጣቶች ጨዋታ ግን ይከብዳል። “እናንተ” ብዙ ጊዜ ያስታርቃል፤ ነገር ግን ሰው ለብቻው በሚያነበው ኢሜይል ላይ ስብሰባ ስብሰባ ይሸታል። የቱንም ይምረጡ፣ ከመጀመርዎ በፊት ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይጽኑበት።

ሌላው የግሱ ጉዳይ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ “በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ ያለ ምንም ውጣ ውረድ፣ ባሉበት ቦታ ሆነው፣ በስልክዎ አማካኝነት ይመዝገቡ” ሲሉ አንባቢው ምን አድርግ እንደተባለ የሚያውቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። እስከዚያ አይጠብቅም። “በስልክዎ ይመዝገቡ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።” ይሄው ነው። እንዲህ ያለውን ጉድለት ዓይን ያልፈዋል፤ ጆሮ ግን ይይዘዋል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ትንፋሽ ያጠረዎት ቦታ ላይ ይቁረጡት።

ስሜት እስኪመጣ መጠበቅ

ዩጂን ሽዋርትዝ፣ በዘመኑ እጅግ ከሚከፈላቸው ኮፒራይተሮች አንዱ፣ የሰዓት ቆጣሪውን 33 ደቂቃ ላይ አድርጎ ይቀመጥ ነበር። ቡናውን መጠጣት፣ በመስኮት ማየት ይችላል፤ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ከወንበሩ መነሳት ግን ክልክል ነው። ሥራውን ከመሥራት ሌላ የሚሠራ ነገር ስለሌለው በስተመጨረሻ ይጽፋል። እኔ ስለ መነሳሳት ከተጻፈው ሁሉ ይህችን ትንሽ ደንብ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ደንበኛ የማስረከቢያ ቀን ሲሰጥዎ የእርስዎን ስሜት አይጠይቅም።

ናሙና የለኝም ብሎ መቀመጥ

ኮርስ ላይ ኮርስ የሚደራርቡ ሰዎች አሉ። “ናሙና ሥራ ከሌለኝ ማን ይቀጥረኛል፣ ካልተቀጠርኩ ናሙና ከየት አመጣለሁ” ይላሉ። መውጫው ቀላል ነው፦ ማስታወቂያው ደካማ የሆነ አንድ እውነተኛ ዕቃ ይምረጡ፣ ያጥኑት፣ የራስዎን ይጻፉለት፣ ለምን እንደዚያ እንደጻፉም ከሥሩ በጥቂት መስመር ያስረዱ። ማንም ሳያዝዎ ለልምምድ የሠሩት መሆኑን በግልጽ ይጻፉበት። እንዲህ ያሉ ሦስት ሥራዎች ከሦስት ሰርተፊኬት ይበልጣሉ።

ማስተካከያን እንደ ስድብ መቁጠር

ደንበኛው “አልወደድኩትም” ሲል ጀማሪው ወይ ያኮርፋል ወይ ሁሉንም አፍርሶ እንደ አዲስ ይጽፋል። ሁለተኛው ትሕትና ይመስላል እንጂ ያው ፍርሃት ነው። መጠየቅ ይሻላል፦ የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሙ? እንዲህ ተብሎ ቢወጣ ምን ይሆናል ብለው ሰጉ? ብዙ ጊዜ ያስቸገረው አንድ ቃል ሆኖ ይገኛል፤ ወይም አለቃው እንዳይቆጣ የፈራው አንድ ሐሳብ።

የሚሉትን ሁሉ ይቀበሉ ማለቴ አይደለም። ደንበኛው የድርጅቱ የምሥረታ ታሪክ ከላይ ይሁንልኝ ካለ፣ ገዢው መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን እንዳልሆነ አንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይንገሩት። ከዚያ በኋላ ውሳኔው የእሱ ነው። ገንዘቡ የእሱ፣ ድርጅቱም የእሱ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መከራከር ለእልህ ብቻ ይጠቅማል።

በአፍ ተስማምቶ መጀመር

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሥራ ሲገኝ ደስታው ያስቸኩላል፤ “እንጀምርና እንነጋገራለን” ይባላል። ውሉ የግድ በጠበቃ የተጻፈ መሆን የለበትም፤ ሁለታችሁም “ተስማምቻለሁ” ያላችሁበት ኢሜይል ከምንም ይሻላል። ምን እንደሚያስረክቡ፣ መቼ፣ ስንት ዙር ማስተካከያ በክፍያው ውስጥ እንደተካተተ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን እንደሆነ ይስፈርበት። የመጨረሻዋን አይርሷት። ሥራ አስኪያጁ አጽድቆ ከጨረሰ በኋላ ስሙ ያልተነሳ ሸሪክ ብቅ ካለ አዲስ ሥራ ነው የሚጀምሩት፤ ያውም በነፃ።

ቅድመ ክፍያ ለመጠየቅ አይፈሩ፤ ግማሹን ቀድሞ መቀበል በዚህ ሙያ የተለመደ ነው። በሰዓት ማስከፈልን ግን አልመክርም። ሥራው እየገባዎት ሲሄድ ይፈጥናሉ፤ በፈጠኑ ቁጥር የሚከፈልዎት ይቀንሳል። ለሥራው በሙሉ አንድ ዋጋ ይናገሩ፣ “ይህችን ትንሽ ነገር ብቻ ጨምርልን” ሲባል ደግሞ የዚያችን ትንሽ ነገር ዋጋ ይናገሩ።

የማይረጋገጥ ተስፋ መጻፍ

“በሳምንት ውስጥ ውጤት ያያሉ” ብለው ከመጻፍዎ በፊት ማስረጃውን ይጠይቁ። ያልነበረ ደንበኛ ፈጥሮ ምስክርነት መጻፍማ ጭራሽ አይታሰብ። የአሜሪካው ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ የሐሰት አስተያየቶችንና ምስክርነቶችን ከልክሏል፤ በመስመር ላይ ሲሠሩ ደንበኛዎ ያለበት አገር ሕግ ሊነካዎት እንደሚችል ያስቡ። ደንበኛው አጥብቆ ከጠየቀዎት ሥራውን ይተዉት።

አስረክቦ መጥፋት

ክፍያው ገባ፣ ምስጋናው ደረሰ፣ ጀማሪውም ወደ ቀጣዩ ሥራ ሄደ። ጽሑፉ ሠርቶ ይሁን ከሽፎ አያውቅም። ጽሑፉ ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ አጭር ኢሜይል ይላኩ፦ ስንት ሰው ከፈተው፣ ስንቱ ቁልፉን ነካ፣ ከበፊቱ ጽሑፍ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ናሙናዎ ሥር እንዲጽፉት ፈቃድ ይጠይቁ። ደካማ ከሆነ ርዕሱን ብቻ ቀይረው ሁለቱን ጎን ለጎን ለመፈተን ሐሳብ ያቅርቡ። ደንበኛው ከተስማማ ይሄም ሁለተኛ ሥራዎ ነው፤ ዋጋውን ይንገሩት።