ካሜራ ፊት ለሚቆም የጥንት ዕቃ ገማች፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሰው አሮጌ ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያው አገላብጦ ያየዋል፤ መጨረሻ ላይ ዋጋ ይጠራል። ቢቢሲ ይህን «አንቲክስ ሮድሾው» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1979 ጀመረው፤ የአሜሪካው የሕዝብ ቴሌቪዥን ፒቢኤስም በ1997 ተከተለ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ይኸው ሥራ ሞልቷል። ሙያው ደስ ይላል። ግን ካሜራ ፊት የተነገረ ግምት ተመልሶ አይዋጥም።

ገማችም ገዢም መሆን። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። የአሜሪካው ፕሮግራም ላይ የጦር ዕቃ ይገምት የነበረ አንድ ነጋዴ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል የነበረውን የጆርጅ ፒኬትን ዕቃዎች ከዘሩ በርካሽ ገዝቶ በብዙ እጥፍ ሸጠ። አንድ እንግዳ ሰይፍ ይዞ ቀርቦ በልጅነቱ ሐብሐብ ይቆርጥበት እንደነበር ያወራበት ክፍልም አስቀድሞ የተቀነባበረ ሆኖ ተገኘ። ነጋዴው ከፕሮግራሙ ተባረረ፤ በ2002 ደግሞ እስር ተፈረደበት። ሰው ዕቃውን የሚያሳያችሁ አምኗችሁ ነው። ስለዚህ የገመታችሁትን አትግዙ፤ በጓደኛም አታስገዙ። ክፍያችሁንም ከዋጋው በመቶኛ አትቁረጡ። ዩኤስፓፕ የሚባለው የአሜሪካ ገማቾች ደንብም ይህን ይከለክላል።

እርግጠኛ ሳይሆኑ ዘመን መስጠት። የአሜሪካው ፕሮግራም በ2016 ባስተላለፈው አንድ ክፍል ላይ ፊት የተቀረጸበት የሸክላ ማሰሮ ቀረበ። ገማቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም የ20ኛው መጀመሪያ ሥራ ነው ብሎ ከ30,000 እስከ 50,000 ዶላር ገመተው። በኋላ ሲጣራ ማሰሮውን የሠራችው በ1970ዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረች ሴት ናት። ፕሮግራሙ ግምቱን ከ3,000 እስከ 5,000 ዶላር አውርዶ በይፋ አረመ። ማረሙ ያስመሰግነዋል። እናንተም የምትጠራጠሩት ነገር ካለ እዚያው፣ ካሜራው ፊት ተናገሩት። ተመልካች ይህን አይጠላም።

ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዓመት ማመን። ለእኛ ሰው የቅርብ ምሳሌው ማርትሬዛ ብር ነው። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ሞተች፤ ብሩ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሲመታ ኖረ። «1780 ይላል» ብሎ የሚመጣ ባለቤት አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ እጁ ላይ ያለው ዘግይቶ የተመታ ነው፤ ዋጋውም ከብሩ ክብደት ብዙም አይርቅም። 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህን ረጋ ብላችሁ፣ ባለቤቱን ሳታሳፍሩ አስረዱት።

የምን ዋጋ እንደሆነ አለመናገር። የመድን ዋጋ፣ የጨረታ ዋጋና ነጋዴ የሚከፍለው ዋጋ ይለያያሉ። የትኛውን እንደጠራችሁ ግለጹ።

ከየት መጣ ሳይሉ ማሟሟቅ። ይህ እኔን በጣም ያሳስበኛል። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎች ዛሬም ከእንግሊዝ ቤቶች ይወጣሉ። በ2021 ዶርሴት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ በኢትዮጵያ ጥያቄ ቀሩ። በኋላም አንድ ድርጅት ገዝቷቸው ለኢትዮጵያ ተመለሱ። የብራና መጽሐፍ ወይም የቆየ መስቀል ሲቀርብላችሁ ቀረጻው ሳይጀመር ጠይቁ፦ በማን እጅ ነበር? መቼ ወጣ? የመውጫ ፈቃድ አለው? መልስ ከሌለ ስለ አሠራሩና ስለ ታሪኩ ተናገሩ፤ ዋጋ ግን አትጥሩ።