ሠራተኛ ከቅጥር እስከ ስንብት በሥራው እንዲተጋ ምን ማድረግ ይገባል?

ብዙ ድርጅቶች ስለ ሠራተኞቻቸው የሥራ ፍላጎት ማሰብ የሚጀምሩት የመልቀቂያ ማመልከቻ ሲደርሳቸው ነው። ያኔ ደመወዝ ቢጨመርም ልቡ የሸፈተን ሰው መመለስ ከባድ ነው። ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ውሉ ከሚፈረምበት ዕለት ነው።

አዲስ ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር መቀመጫውና መሣሪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀው፤ የሥራ መዘርዝሩ በጽሑፍ ይሰጠው፤ የሚያለማምደው ነባር ባልደረባም ይመደብለት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። አለቆች በዚህ ጊዜ ሠራተኛውን ሲመዝኑ እርሱም ድርጅቱን እየመዘነ መሆኑን ይዘነጋሉ፤ ስለዚህ የቅርብ ኃላፊው ሙከራው እስኪያበቃ ሳይጠብቅ ምን እንደጎደለው ይጠይቀው፤ ውጤቱም በደብዳቤ ይገለጽለት።

በእኔ እምነት ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ከሙከራው ማግሥት ጀምሮ ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው። ሠራተኛው ሥራውን ስለለመደ እንዴት ነህ የሚለው አይኖርም፤ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ አስተያየት ቢጠየቅም፣ አለቃን በሰው ፊት መተቸት እንደ ድፍረት ስለሚታይ፣ ዝም ማለትን ይመርጣል። ዝምታው ግን እርካታ አይደለም። መፍትሔው ኃላፊው ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር በየወሩ ለብቻ ተቀምጦ መነጋገሩ ነው፦ ሥራውን የሚያጓትትበት ምንድን ነው? ምን ቢማር ይወዳል? ወደፊትስ የትኛውን ኃላፊነት መያዝ ያስባል? የተነሳው ጥያቄ ተመዝግቦ፣ መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ፣ ከነምክንያቱ በተባለው ቀን ሊነገረው ይገባል፤ መልስ ሳይሰጡ ደጋግሞ መጠየቅ ጨርሶ ካለመጠየቅ የባሰ ቅሬታ ይፈጥራልና። የደረጃ ዕድገት መስፈርትም አስቀድሞ በማስታወቂያ ይውጣ። ዕድገት በዝምድና ወይም በቅርርብ ይገኛል የሚል ጥርጣሬ አንዴ ከገባ በጎ የሚሠራውም እጁን ይሰበስባል።

ዕረፍትም ከዚሁ ጋር ይታይ። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን እየታከለ የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ ያዛል፤ «ሥራ በዝቷል» እየተባለ ፈቃዱ በየጊዜው የሚገፋበት ሠራተኛ ይዝላል። ከወሊድ ፈቃድ የምትመለስ እናትም በሌለችበት የተለወጠውን አሠራር የሚያስረዳት ሰውና ወደ ሥራው ፍጥነት የምትገባበት ጊዜ ያስፈልጋታል፤ በቆየችበት ጊዜ የወጣ የዕድገት ዕድል ካለም አይለፋት።

ሠራተኛው ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ፊት አይንሱት። ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈለው፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውም ያለ ምልልስ ይሰጠው፤ እነዚህን የሚያዩት የሚቀሩት ባልደረቦቹ ናቸው። የሚለቅበትን ምክንያት የሚጠይቀው ከቅርብ አለቃው ሌላ የሆነ ሰው ይሁን፤ የለቃቂዎች ምክንያትም ተጠናቅሮ በየስድስት ወሩ ለሥራ አመራሩ ይቅረብ። ከአንድ ክፍል የሚለቁት ከበዙ አስቀድሞ መታየት ያለበት የኃላፊው የሠራተኛ አያያዝ ነው።