በጊዜ ሰሌዳ የሚሠራ ባክአፕ በዊንዶውስ ላይ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ በራሱ እንዲሠራ የታዘዘ ባክአፕ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ) አንድ አደገኛ ጠባይ አለው፤ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ምንም ድምፅ አያሰማም። ፕሪንተር ሲበላሽ ወረቀቱ አይወጣም፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገጹ አይከፈትም፤ ባክአፕ ግን ሥራውን ካቆመ ወራት አልፈው፣ መቆሙ የሚታወቀው ሃርድ ዲስኩ በተበላሸ ዕለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ችግር ሲጠረጠር ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ወደ መጫን ከመሄድ በፊት ሥራው ጨርሶ አልተጀመረም፣ ተጀምሮ ተቋርጧል ወይስ ተጠናቋል ተብሎ ጎድሎ ቀርቷል የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። የሦስቱ መንስኤ የተለያየ በመሆኑ የአንዱ መፍትሄ ለሌላው አይሠራም።

ማስረጃው በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው የባክአፕ ፕሮግራሙ ራሱ የሚጽፈው ሎግ፣ ማለትም የሥራ መዝገብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥራዎችን (ታስኮችን) በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስነሳው የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ነው። በታስክ ስኬጁለር ውስጥ ሥራው መጨረሻ የተካሄደበት ሰዓት፣ ቀጥሎ የሚካሄድበት ሰዓትና የመጨረሻው ውጤት ጎን ለጎን ይታያሉ። ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ሥራው ያለ ስህተት አልቋል፤ በ41303 የሚያልቅ ቁጥር ሥራው ገና አንድም ጊዜ እንዳልተካሄደ፣ በ41301 የሚያልቅ ደግሞ አሁንም በመካሄድ ላይ እንደሆነ ያመለክታል። ባክአፑ ሮቦኮፒ በተባለው የዊንዶውስ ፋይል መገልበጫ ትእዛዝ የሚሠራ ከሆነ ግን ውጤቱ 1 ሆኖ መታየቱ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ በሮቦኮፒ 1 ማለት ፋይሎች ተገልብጠዋል ማለት ነው፣ የመገልበጥ ውድቀት የሚነገረው ከ8 ጀምሮ ነው። ሥራው በዝርዝሩ ውስጥ ከናካቴው ከሌለ ፕሮግራሙ በራሱ ሰርቪስ (ከጀርባ ሆኖ በሚሠራ ፕሮግራም) የሚመራ ሊሆን ስለሚችል፣ በዊንዶውስ የሰርቪሶች ዝርዝር ውስጥ ያ ሰርቪስ እየሠራ መሆኑን ይመልከቱ።

ምልክት፦ ሰዓቱ ያልፋል፣ ባክአፑ አይጀምርም

ብዙ ጊዜ መንስኤው ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት መጥፋቱ ወይም ስሊፕ ላይ መሆኑ ነው። በታስኩ «ኮንዲሽንስ» ታብ ውስጥ ኮምፒውተሩን ቀስቅሶ እንዲሠራ የሚያዘውን ምርጫ ያብሩ፤ ከዚያም በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ኮምፒውተሩን በሰዓቱ ከስሊፕ የሚቀሰቅሰው ዌክ ታይመር መፈቀዱን ያረጋግጡ፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ከተከለከለ የመጀመሪያው ብቻውን ዋጋ የለውም። ይህ ግን ስሊፕ ላይ ላለ ኮምፒውተር እንጂ ፈጽሞ ለተዘጋ ኮምፒውተር አይሠራም። በ«ሴቲንግስ» ታብ ውስጥ ደግሞ ያመለጠ ሥራ በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመር የሚያደርግ ምርጫ ስላለ እሱንም ምልክት ያድርጉበት። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰዓቱን ኮምፒውተሩ ዘወትር ክፍት ወደሚሆንበት ጊዜ መቀየርን አስበልጣለሁ፤ ሌሊት መሥራቱ ለቤት ኮምፒውተር የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው።

በላፕቶፕ ላይ ሌላ መንስኤ አለ። ታስክ ስኬጁለር አዲስ ሥራ ሲፈጠር ቻርጀር ላይ ካልተሰካ አታስጀምር የሚለውን ገደብ አስቀድሞ ያበራዋል። ይህን ገደብ ያንሱ ወይም በሰዓቱ ላፕቶፑን ሰክተው ይተዉት።

ያለፈው ሥራ ሳያልቅ ተንጠልጥሎ ከቀረም አዲሱ አይጀመርም፤ ታስክ ስኬጁለር ካልታዘዘ በቀር አንድን ሥራ በሁለት ቅጂ አያካሂድም፣ የተንጠለጠለውን የሚያቋርጠውም በተለመደው አቀማመጥ ከ3 ቀን በኋላ ነው። የተንጠለጠለውን ሥራ በእጅ ያስቁሙና የጊዜ ገደቡን ወደ ጥቂት ሰዓታት ዝቅ ያድርጉት።

ምልክት፦ በእጅ ሲጀመር ይሠራል፣ በሰዓቱ ሲጀመር አይሠራም

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያደክመው ይህ ነው፤ ፕሮግራሙም መድረሻውም (ቅጂው የሚቀመጥበት ቦታ) ጤነኛ ስለሚመስሉ ስህተቱ የት እንዳለ አይታይም። የሚለወጠው ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ማንነት ነው። በእጅ ሲጀምሩት በእርስዎ አካውንትና ወደ ዊንዶውስ ገብተው በከፈቱት ክፍለ ጊዜ (ሴሽን) ውስጥ ይሠራል፤ በሰዓቱ ሲጀመር ግን በሌላ አካውንት፣ ወይም በእርስዎ ስም ሆኖ ከእርስዎ ክፍለ ጊዜ ውጭ ሊሠራ ይችላል።

የዚህ ዋነኛ ሰለባ በኔትወርክ ላይ ያለ መድረሻ ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ዜድ» ተብሎ የሚታየው የኔትወርክ ድራይቭ የተያያዘው ከእርስዎ ክፍለ ጊዜ ጋር ስለሆነ፣ ለሰርቪስም ሆነ በአድሚኒስትሬተር መብት ለሚነሳ ፕሮግራም ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ሎጉ መድረሻው አልተገኘም ይላል። መፍትሄው የድራይቩን ፊደል ትቶ ሙሉውን የኔትወርክ አድራሻ፣ ማለትም በሁለት ወደኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች ጀምሮ የመሣሪያውን ስምና የተጋራውን ፎልደር ስም የያዘውን መስጠት ነው። የመሣሪያውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃልም በባክአፕ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገቡ።

የይለፍ ቃልም ራሱን የቻለ መንስኤ ነው። ሥራው ተጠቃሚው ገባም አልገባም እንዲካሄድ ሲታዘዝ ታስክ ስኬጁለር የአካውንቱን የይለፍ ቃል ያስቀምጣል፤ በኋላ የይለፍ ቃሉን ሲቀይሩ የተቀመጠው አሮጌው ስለሆነ ሥራው መግባት ያቅተዋል። ታስኩን ከፍተው አዲሱን ያስገቡ፤ የሚጠየቀውም ኮምፒውተሩን የሚከፍቱበት ባለ ጥቂት አኃዝ ፒን ሳይሆን የአካውንቱ የይለፍ ቃል ነው። የይለፍ ቃል የሌለው አካውንት በተለመደው የዊንዶውስ ደንብ በዚህ መንገድ ሥራ ማስጀመር አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ የይለፍ ቃል ያውጡለት፣ አለዚያም ሥራው ተጠቃሚው ሲገባ ብቻ እንዲካሄድ ይምረጡ።

የኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ፊደልም ሌላ ፍላሽ ቀድሞ ሲሰካ ሊለወጥ፣ ባክአፑም መድረሻውን ሊያጣ ይችላል። በዲስክ ማኔጅመንት ገብተው ከፊደል ተርታ መጨረሻ አንዱን ቢሰጡት ከሌሎች ጋር የመጋጨቱ ዕድል ይቀንሳል።

ምልክት፦ ተጀምሮ ይቋረጣል

ሁልጊዜ በአንድ ትልቅ ፋይል ላይ የሚቋረጥ ከሆነ የመድረሻውን ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩ ፋይሎችን የሚያደራጅበትን ሥርዓት ይመልከቱ፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ዲስኩን ይህ ገደብ ወደሌለበት ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት መቀየር ያስፈልጋል፤ ፎርማት ማድረግ በላዩ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ግን አስቀድመው ይዘቱን ወደ ሌላ ቦታ ያውጡ።

ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ የድሮ ቅጂዎች ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ የሚወስነውን ደንብ ያሳጥሩ። ሰፊ ቦታ እያለ ቦታ አነሰ የሚል ስህተት ከመጣ ደግሞ፣ ሙሉ የሲስተም ኢሜጅ (የመላው ዊንዶውስ ቅጂ) ሲወሰድ ትንንሾቹ የሲስተም ፓርቲሽኖችም (የዲስኩ ክፍሎች) ባዶ ቦታ እንደሚፈልጉ ያስታውሱ፤ ከ500 ሜጋባይት ለሚያንስ ፓርቲሽን ቢያንስ 50፣ ለሚበልጠው ቢያንስ 320 ሜጋባይት ባዶ መሆን አለበት።

ሎጉ ሻዶው ኮፒን የሚጠቅስ ከሆነ፣ ክፍት ፋይሎችን ለመቅዳት ዊንዶውስ የሚጠቀምበት አገልግሎት ተደናቅፏል ማለት ነው። ሁለት የባክአፕ ፕሮግራሞች በአንድ ሰዓት እንዳይነሱ ያድርጉና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገው ይሞክሩ። ስህተቱ ፈቃድ ተከለከለ የሚል ከሆነ ደግሞ በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ፎልደሮችን ከራንሰምዌር የሚጠብቀው ክፍል ፕሮግራሙን አግዶት እንደሆነ ይዩ፤ ጥበቃውን ከማጥፋት ይልቅ ፕሮግራሙን ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት።

በተለያየ ቦታ ያለ ሥርዓት የሚቋረጥ ከሆነ መጀመሪያ ገመዱንና የዩኤስቢ ቀዳዳውን ይቀይሩ። ካልተሻለ ዲስኩ ራሱ እየደከመ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከተጠረጠረ ቼክዲስክ በተባለው የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ ለመጠገን ከመሞከር በፊት የሚያስፈልገውን ፋይል ማውጣት ይቀድማል።

ምልክት፦ ተጠናቋል ይላል፣ ፋይሉ ግን የለም

እዚህ ላይ ፕሮግራሙ የታዘዘውን ፈጽሞ ይሆናል፤ የጎደለው ትእዛዙ ነው። ፋይሎችን በደመና (በኢንተርኔት ማከማቻ) የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍት ዋንድራይቭ ባክአፕ ሲበራ የዴስክቶፕና የዶክዩመንትስ ፎልደሮች ወደ ዋንድራይቭ ውስጥ ስለሚዛወሩ፣ በአሮጌው መንገድ የተመዘገበው ባክአፕ ባዶ ፎልደር ሲቀዳ ይኖራል። በደመና ብቻ የተቀመጡና የደመና ምልክት የሚታይባቸው ፋይሎችም ይዘታቸው በኮምፒውተሩ ላይ ስለሌለ ሳይቀዱ ሊታለፉ ይችላሉ፤ አስፈላጊዎቹን ሁልጊዜ በዚህ መሣሪያ ላይ እንዲቀመጡ ያድርጉ። ከዚያም የተመረጡትን ፎልደሮች ዝርዝር አንድ በአንድ ከትክክለኛው ቦታ ጋር ያመሳክሩ።

ከማንኛውም ጥገና በኋላ የተለያየ ዓይነት ያላቸውን ጥቂት ፋይሎች ከባክአፑ አውጥተው በሌላ ፎልደር ያስቀምጡና ከፍተው ይዩዋቸው፤ በመጀመሪያው ቦታ ላይ አይመልሱ፣ ጤነኛውን ፋይል ሊሽርብዎ ይችላል። ፋይሎቹ ካልተከፈቱ፣ ወይም ለውጥን ብቻ እየተከተለ ከሚቀዳው ሰንሰለት መካከል አንዱ ቅጂ ከጎደለ፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ስለማያስተማምኑ አሮጌውን ሳያጠፉ አዲስ ሙሉ ባክአፕ ያስጀምሩ፤ አሮጌውንም የሚያስወግዱት አዲሱ በዚሁ መንገድ ከተፈተሸ በኋላ ይሁን።