ምጥ ከገፋ በኋላ በኦፕሬሽን መውለድ፦ አደጋውን ለመቀነስ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የማሕፀን በር ሙሉ በሙሉ፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከተከፈተ በኋላ የሚደረግ ኦፕሬሽን፣ ምጥ ሳይጀምር ወይም ገና በጅምሩ ከሚደረገው ይከብዳል። የሕፃኑ ጭንቅላት ወደ ዳሌ አጥንት ጠልቆ ስለሚገባና የማሕፀኑ የታችኛው ክፍል በምጡ ርዝመት ስለሚሳሳ፣ ሐኪሙ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ሲያወጣ የተከፈተው የማሕፀን ቁስል ወደ ጎን ወደ ደም ሥሮቹ ወይም ወደ ታች ሊተረተር፣ ብዙ ደም ሊፈስና የሽንት ፊኛም ሊጎዳ ይችላል። ሕፃኑ ደግሞ ሊታፈን፣ አልፎ አልፎም የራስ ቅሉ ሊሰበር ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን ሐኪም ያዘዘውን ኦፕሬሽን እምቢ ለማለት ምክንያት አይሆንም። መውጫ ያጣ ምጥ እንዲሁ ከተተወ ማሕፀንን ሊቀድ፣ ፊስቱላ (ሽንት ወይም ሰገራ ያለ ፈቃድ የሚያመልጥበት ቀዳዳ) ሊያስከትልና የሁለቱንም ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ መፍራት የሚገባው መዘግየቱን ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከምጥ በፊት ይጀምራል። መኪና ወይም አምቡላንስ እንዴት እንደሚገኝና ማን ደም እንደሚለግስ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቤታችሁ ከሆስፒታል የራቀ ከሆነም መውለጃው ሲቃረብ ወደ እናቶች ማቆያ መግባት ይሻላል። ከሁሉ በላይ የምመክረው ውሳኔውን ነው፦ ፈቃዱ የእናቲቱ ነውና፣ ባልና ዘመድ ተሰብስቦ እስኪመካከር በር ላይ የሚባክነው ጊዜ ሕፃኑ የሚታፈንበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት፣ የማሕፀን በር ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ልጁ እስኪወለድ የሚወስደው ጊዜ ለመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሰዓት፣ ቀድሞ ለወለደች ከ2 ሰዓት አያልፍም፤ እዚያ ሲቃረብ አዋላጇን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ኦፕሬሽን ሲወሰን፣ በቫኩም (የሕፃኑን ጭንቅላት ይዞ በሚስብ መሣሪያ) መውለድ ይቻል እንደሆነ፣ ደም መዘጋጀቱንና ልምድ ያለው ሐኪም መኖሩን በትሕትና ጠይቁ። ጭንቅላቱ በጣም ከወረደ፣ ባለሙያ በብልት በኩል ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሊገፋው ወይም ሐኪሙ ሕፃኑን በእግሩ ሊያወጣው ይችላልና አትደንግጡ።

ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ከታየ፣ ሽንት ያለ ፈቃድ ካመለጠ፣ ወይም ሕፃኑ አልጠባ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ተመለሱ። ስትወጡም ኦፕሬሽኑ የማሕፀን በር ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ መደረጉን፣ ቁስሉ ተተርትሮ ከነበረም ያንኑ በወረቀት አስጽፉ፤ እንዲህ ያለው ኦፕሬሽን በሚቀጥለው እርግዝና ያለጊዜው የመውለድን ዕድል ስለሚጨምር፣ ያንን ወረቀት ከመጀመሪያው ክትትል ጀምሮ ለባለሙያው ማሳየት ያስፈልጋል።