በአዳማ ጤና አዳምና በሶብላን በባልዲ ተክሎ ስለ ማጠጣት፣ ውሃ የበዛበትንም ስለ ማዳን

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ሞቃትና ነፋሻ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያው ነፋስ በየበረንዳችን በባልዲና በቆርቆሮ የተከልነውን ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠልም ያገኘዋል። የአፈሩን ገጽ በግማሽ ቀን አድርቆ ያነጣዋል፤ ይህን ያየ ሰው ተክሉ የተጠማ መስሎት ውሃ ይጨምራል፤ ከአራት ጣት በታች ያለው አፈር ግን የትናንትናውንና የትናንት በስቲያውን ውሃ ገና እንደ ያዘ ነው። በበኩሌ በዕቃ ተክዬ ካጣኋቸው ተክሎች አብዛኞቹ የሞቱት በውሃ ብዛት ነው፤ ጥማት የገደለብኝ ጥቂቱን ብቻ ነው።

የተክል ሥር ይተነፍሳል። አየሩን የሚያገኘው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ካሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ሲሆን፣ እነዚህ ክፍተቶች ቀናት ሙሉ በውሃ ተሞልተው ከቆዩ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነው ሥር ደግሞ እርጥበት ለሚወዱ አበስባሽ ተሕዋስያን በቀላሉ ይጋለጣል። እንግዲህ ውሃ በዛ የሚባለው በአንድ ጊዜ ብዙ ስለ ፈሰሰ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ስለ ፈሰሰ ነው። አንድ ጊዜ እስኪጠግብ ድረስ ጠጥቶ ሳምንት የሚቆይ ጤና አዳም ደኅና ይሆናል፤ በየማለዳው አንድ አንድ ኩባያ የሚደረግለት ግን፣ መጠኑ ጥቂት ቢመስልም፣ ከሥሩ ሳይደርቅ ይበሰብሳል።

ከማጠጣቱ በፊት ዕቃውን ማየት ይገባል። የቀለም ባልዲም ሆነ ለሁለት የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ለመትከያ ይሆናል፤ ነገር ግን ምስማር በእሳት አግሎ ከታች አምስት ስድስት ቀዳዳ ማውጣት፣ ዕቃውንም ውሃው በነፃ እንዲወጣ በሁለት ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከታች ጠጠር ማንጠፍ ውሃን ያስወጣል የሚለው ልማድ በብዙ ቤት አለ፤ ሆኖም ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ፣ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ ከማድረግ በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም። ይልቅስ አፈሩን ራሱን ማላላት ይበጃል። ለዚህ የአዳማ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ፑሚስ፣ ያ ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በአካባቢው ይገኛል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስትና አንድ እጅ የተነፋ ፑሚስ ተቀላቅለው ሲያበቁ ውሃም አየርም የሚይዝ አፈር ይሆናሉ። የሸክላ ዕቃ በጎኑ ስለሚተነፍስ ከፕላስቲክ ቀድሞ ይደርቃል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ እኩል ማጠጣት ስሕተት ነው።

የማጠጫውን ቀን በቀን መቁጠሪያ መወሰን አይቻልም። ከሁሉ የሚታመነው መለኪያ ክብደት ነው፦ ዕቃውን እንዳጠጡ ወዲያው በሁለት እጅ አንሥተው ክብደቱን ያስተውሉ፤ በየቀኑ እያነሡ ሲፈትሹ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ በግልጽ የሚቀልበት ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ያጠጡ። ሊነሣ የማይችል ትልቅ ዕቃ ከሆነ ደረቅ ቀጭን እንጨት እስከ ታች ሰክተው ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይንቀሉት፤ ጠቁሮና ጭቃ ይዞ ከወጣ ውሃ አያስፈልግም። የላይኛውን አፈር በጣት መንካት ብቻውን በእኛ ነፋስ ያሳስታል። በቀትር ፀሐይ የጠወለገ በሶብላም ሁልጊዜ ተጠምቷል ማለት አይደለም፤ እስከ ምሽት ይታገሡት፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቀና ካለ ሙቀቱ ነው ያደከመው።

ቀኑ ሲደርስ በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይበረታ፣ ቀስ እያሉ የአፈሩን ገጽ ሁሉ እያዳረሱ ከታች ውሃ እስኪወጣ ድረስ ያጠጡ። በሥሩ ያስቀመጡት ሳህን ውስጥ የተጠራቀመውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይድፉት፤ ተመልሶ ለተክሉ አይሰጥም፣ ከአፈሩ ያጠበውን ጨው ይዟልና። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን የሚበዛበት በመሆኑ በዕቃው ከንፈር ላይ ነጭ ቅርፊት ቢያዩ አይደነቁ፤ አልፎ አልፎ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አብዝቶ ማጠብ ያስወግደዋል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለ፦ ውሃ የመጣ ዕለት፣ ነገ ይጠፋል በሚል ሥጋት፣ ተክሉን ሁሉ ያለ ልዩነት ማጠጣት። ውሃው በበርሜል ይቆይ፤ በአፈር ውስጥ ማከማቸት አይገባም። አፈሩ ፈጽሞ ደርቆ ከዕቃው ጎን ከተላቀቀና ውሃው በዳር በኩል ሾልኮ ከወረደ፣ ዕቃውን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጦ ከታች እንዲጠጣ ማድረግ ነው። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ደረቅ ማለትን ይወዳሉ፤ በሶብላና ቃሪያ ግን ፈጥነው ይጠማሉ።

ውሃ የበዛበት ተክል መልኩ ከተጠማ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ሁለቱም ይጠወልጋሉ። ልዩነቱ አፈሩ ላይ ነው። አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከተንጠለጠለ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ከረገፉ፣ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ከለሰለሰና ከጠቆረ፣ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ ከተነሡ ወይም አፈሩ የረግረግ ሽታ ካለው፣ ተጨማሪ ውሃ ማፍሰስ ተክሉን መግደል ነው።

ሕመሙ ገና ሲጀምር ውሃውን ማቆም፣ ዕቃውን ከቀትር ፀሐይ ወደ ነፋሻ ጥላ ማዛወርና ቀዳዳዎቹ እንዳልተደፈኑ በእንጨት መፈተሽ ይበቃል። ዕቃውን ለጥቂት ሰዓት በጎኑ ማዘንበልም ከታች የታቆረውን ውሃ ያስወጣል። በሳምንት ውስጥ ካላገገመ፣ ወይም ሽታው ከበረታ፣ ተክሉን ከነአፈሩ ቀስ ብሎ አውጥቶ ሥሩን ማየት ግድ ይሆናል። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ይለሰልሳል፣ በጣት ሲስቡት ቆዳው ተገፎ ክር የመሰለው ብቻ ይቀራል። የበሰበሰውን ሁሉ በአልኮል በተጠረገ መቀስ ይቁረጡ፤ ቅጠሉንም ከቀረው ሥር ጋር እንዲመጣጠን አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሱ። ጤና አዳም ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ይህን ከክንዴ ላይ ጠባሳ ተምሬዋለሁ።

መልሰው የሚተክሉት በአዲስ አፈር፣ ለቀረው ሥር በሚመጥን አነስተኛ ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ ሰፊ ዕቃ ሥሩ ሊጠጣው የማይችለውን ውሃ ይዞ በሽታውን ይመልሰዋል። አንድ ጊዜ በመጠኑ አጠጥተው በጥላ ይተዉት፤ አዲስ ቅጠል እስኪያቆጠቁጥ ድረስ ፍግም ሆነ ማዳበሪያ አይስጡት፤ የቆሰለ ሥር ጨው ይጎዳዋል። ማገገሙ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚረግፉት አሮጌ ቅጠሎች አያስደንግጡዎት።

ሥሩ ሁሉ አልቆ ከተገኘ፣ ገና ለምለም ከሆነው ጫፍ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል የተሻለ ነው፤ በሶብላ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በቀናት ሥር ያወጣል፣ የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም በርጥብ ፑሚስ ውስጥ ሳምንታት ይፈልጋሉ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲመጣ እነዚህን ሕፃናት ተክሎች ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ ከቆርቆሮ የሚወርደው ጅረት በአንድ ሌሊት ባልዲውን ይሞላዋል።