የቤት ውበትና የደኅንነት ዕቃዎች፦ ችግርና መፍትሄ

ቤት ሲታደስ ስለ ሶፋው፣ ስለ መጋረጃውና ስለ ኮርኒሱ ብዙ ይመከራል። የመስኮቱ ብረት፣ የብሬከሩ ሣጥንና የእሳት ማጥፊያው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ በተገኘው ባዶ ቦታ ይለጠፉና «ቤቱን አበላሹት» ተብለው ይወቀሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የቦታው፣ የቀለሙና የአሰላለፉ ነው። ከታች ያሉት መፍትሄዎች የሚመሩት በአንድ መለኪያ ነው። እያንዳንዱ የደኅንነት ዕቃ ሥራውን የሚሠራበት ክፍል አለው፤ ጭስ የሚገባበት ቀዳዳ፣ እጅ የሚጨብጠው ብረት፣ የሚከፈተው መዝጊያ። ያ ክፍል አይሸፈንም፣ ቀለምም አይነካውም። የቀረውን እንደ ልብ ማሳመር ይቻላል።

«የመስኮቱ ብረት ሳሎኑን እስር ቤት አስመሰለው»

ምልክቱ ቀላል ነው፤ ወደ ውጭ ሲያዩ ዐይንዎ ብረቱ ላይ ይቆማል እንጂ ወደ ዛፉ ወይም ወደ መንገዱ አያልፍም።

ምክንያቱ በአብዛኛው የቅርጽና የቀለም አለመስማማት ነው። በያጁ ለግቢ በር የሚሠራውን አልማዝ፣ ቅስት ወይም የፀሐይ ጨረር ቀጥ ባለ የአሉሚኒየም መስኮት ላይ ይደግመዋል። የብረቱ መስመርና የመስኮቱ ክፍፍል ስለማይገጥሙ አንዱ መስኮት ሁለት መስኮት ይመስላል። በዚያ ላይ ነጭ ወይም የሚያብለጨልቅ የብር ቀለም ሲቀባ ብርሃኑን መልሶ ዐይንን ይዞ ያስቀራል። ጠቆር ያለና የማያብለጨልቅ ቀለም ግን ብርሃን ስለማይመልስ ዐይን በላዩ አልፎ ይሄዳል። ብዙ ሰው ነጭ ሲቀባ ብረቱ የሚደበቅ ይመስለዋል፤ የሚሆነው ተቃራኒው ነው።

ብረቱን ለመቀየር አቅም ከሌለ ቀለሙን ይቀይሩ። የበየዳውን ጫፎች በደንብ አስሞርደው፣ ዝገቱን አስፍቀው፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ካስቀቡ በኋላ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ይጠቀሙ። ከብረቱ ሥር በግድግዳው ላይ የሚወርደው ቡናማ እድፍ የሚመጣውም አንቲረስት ካልነካው የተቆረጠ ጫፍ ነው፤ ግድግዳውን ደጋግሞ መቀባት አያጠፋውም።

አዲስ የሚያሠሩ ከሆነ ቀጫጭን ቱቦላሬ ወደ ላይ ብቻ የቆመበትን ንድፍ ይምረጡ፤ ወፈር ያለው ብረት የመስኮቱ ክፍፍል ባለበት መስመር ላይ ይዋል። ልጆች ባሉበት ቤት በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። አግድም ብረት ለልጅ መሰላል ስለሆነ ከላይና ከታች ካለው ማሰሪያ በስተቀር አያስፈልግም።

አሁን ከውበቱ ወደሚበልጠው ጉዳይ። በአራቱም ማዕዘን ከግድግዳ ጋር የተበየደ ብረት ሌባን እንደሚከለክል ሁሉ እሳት ሲነሣ የቤቱን ሰው ይይዛል። በእያንዳንዱ መኝታ ቤት ቢያንስ አንዱ መስኮት በማጠፊያ የሚከፈት ብረት ይኑረው፤ ያለ ቁልፍም ከውስጥ ይከፈት። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ ለማምለጫ መስኮት 51 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 61 ሴንቲ ሜትር ቁመትና በጠቅላላው 0.53 ካሬ ሜትር ያህል ክፍት ቦታን ዝቅተኛ ልክ ያደርጋል። ልብ ይበሉ፤ ሁለቱን ትንንሽ ቁጥሮች ቢያባዙ 0.53 አይሞላም፤ ስለዚህ ስፋቱ ወይም ቁመቱ ከዝቅተኛው ከፍ ማለት አለበት። ሌባ መስታወት ሰብሮ እጁን እንዳያስገባ የሚሰጉ ከሆነ በመቀርቀሪያው ዙሪያ ላሜራ ያስበይዱ። የሚከፈተው ክፍል ጠርዝ ከቋሚዎቹ ብረቶች በአንዱ ላይ ከዋለ ማንም በር መሆኑን አይለይም። ቀለም በተቀባ ቁጥር ግን ከፍተው ይሞክሩት፤ የደረቀ ቀለም ማጠፊያን እንደ ማስቲሽ ይይዛል።

አራተኛና አምስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ብረቱ የተሠራው ለማን ነው? ስጋቱ ሌባ ሳይሆን የልጅ መውደቅ ከሆነ፣ መስኮቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይከፈት የሚገታና ዐዋቂ የሚፈታው ማገጃ ይበቃል፤ ከሳሎኑም አይታይም።

«የመታጠቢያ ቤቱ መያዣ ሆስፒታል ይመስላል»

እናት ወይም አባት አብረው መኖር ሲጀምሩ፣ እንዳይወድቁ ግድግዳ ላይ ስለሚገጠመው የእጅ መያዣ ብረት የሚነሣ ቅሬታ ነው። አንዳንዱ መያዣውን ትቶ «የፎጣ መስቀያው ይበቃቸዋል» ይላል። አይበቃም። የፎጣ መስቀያ ፎጣ እንዲሸከም የተሠራ ነው፤ የሚንሸራተት ሰው ሲንጠለጠልበት ከነብሎኑ ይወጣል። እውነተኛ መያዣ ቢያንስ 113 ኪሎ ግራም ያህል መሸከም አለበት።

ሆስፒታል የሚያስመስለው ብረቱ ራሱ ሳይሆን ለብቻው መቅረቱ ነው። ቧንቧው ጥቁር፣ የሻወሩ ራስ ጥቁር፣ መያዣው ግን ነጭ ፕላስቲክ ከሆነ ጎልቶ ይወጣል። የቧንቧውን ቀለም የያዘ መያዣ ይግዙ፤ የላይኛው ጠርዙን ከሴራሚኩ መጋጠሚያ መስመር ጋር ያስተካክሉ። ከወለል 84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ አንድ የሴራሚክ መስመር ማግኘት አይቸግርም። ውፍረቱ እጅ ሙሉ በሙሉ የሚጨብጠው፣ ከ32 እስከ 38 ሚሊ ሜትር፣ ከግድግዳው ያለው ክፍተትም 38 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ሳሙና ማስቀመጫ ወይም መደርደሪያ የተገጠመላቸው ሞዴሎችም አሉ፤ ሸክማቸው በማሸጊያው ላይ እስከተጻፈ ድረስ ጥሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ማመሳሰሉ ወሰን አለው። ነጭ መያዣ በነጭ ሴራሚክ ላይ ፎቶ ሲነሣ ያምራል፤ ዐይናቸው ለደከመ አዛውንት ግን የለም ማለት ነው። ከቧንቧው ጋር ይመሳሰል እንጂ ከግድግዳው ጋር አይመሳሰል።

መያዣው ከተገጠመ በኋላ የሚነቃነቅ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ብሎኬቱ ነው። የክፍል መለያ ግድግዳዎች በአብዛኛው ውስጣቸው ክፍት በሆነ ብሎኬት ስለሚሠሩ ብሎኑን የሚይዘው ተራው የፕላስቲክ ፊሸር ባዶ ቦታ ውስጥ ይገባና የሚይዘው ያጣል። መፍትሄው ቀዳዳው ውስጥ የወንፊት ቱቦ ከትቶ፣ በኬሚካል ማጣበቂያ ሞልቶ ብሎኑን ማስገባት ነው፤ ማጣበቂያው ውስጥ ለውስጥ ተሰራጭቶ ብሎኬቱን ይይዛል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ሳይሞላ ማንም አይደገፍበት። በአየር ስቦ የሚለጠፈውን የጎማ መያዣ ለአዛውንት አልመክርም።

«የጭስ ጠቋሚው የኮርኒሱን ውበት ሰረቀው»

ከኮርኒሱ ጋር እንዲመሳሰል ቀለም መቀባት የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ቀለሙ የጭስ መግቢያውን ይደፍነዋል። ከመግዛትዎ በፊት ቀለሙን ይምረጡ፤ ከመብራቶቹ መስመር ጋርም ያሰልፉት። ደረጃ ባለው የጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ ቦታው ከፍተኛው ክፍል ነው፤ ጭስ መጀመሪያ የሚሞላው እሱን ነውና። ጂፕሰም በሚፋቅበት ቀን ይሸፍኑት፤ ማታውኑ ይግለጡት። ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ጠቋሚ ይቀየራል።

ያለ እሳት የሚጮኽ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቡና ቁሌት ወይም ዕጣን ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ወገኖቻችን ቡና ሲቆላ ጠቋሚውን በፌስታል የማሰር ልማድ አላቸው፤ ፌስታሉም ሳይፈታ ይከርማል። ከዚያ ይልቅ የሚቆላበትን ቦታ ከጠቋሚው ቢያንስ 3 ሜትር ያርቁ፤ መስኮት ይክፈቱ፤ ጠቋሚ ሲገዙም ለጥቂት ደቂቃ ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ ያለውን ይምረጡ። የጋመ ከሰል ግን ሌላ ነገር ነው። ጭስ የለውም፣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝም ሽታ የለውም፤ የጭስ ጠቋሚም አያውቀውም። ጥብቅ የአሉሚኒየም መስኮት ባለው አፓርታማ ውስጥ ለእሱ የተለየ ጠቋሚ በመኝታ ቤት አካባቢ ያስፈልጋል።

«የብሬከሩ ሣጥን ሳሎኑ መግቢያ ላይ ተደቀነ»

ያለ መሣሪያ እንደ በር የሚከፈት የሥዕል ፍሬም በማጠፊያ ይግጠሙበት፤ ከኋላው የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚዘጋ ይጻፉ። ከፊቱ አንድ ሜትር ያህል ቦታ ባዶ ይሁን፤ ቁም ሣጥን ወይም ከባድ መስታወት አይቁምበት። ከመሸፈንዎ በፊት ግን ክዳኑን በእጅዎ ጀርባ ይንኩት። ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ የላላ ሽቦ ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት ሊኖር ስለሚችል ፍሬሙ ይቆይና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራ።

«ሲሊንደሩን ካቢኔ ውስጥ ደበቅሁት፤ አሁን ግን ይሸታል»

የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ላይ አይሄድም፤ በካቢኔው ወለል ላይ ይተኛል። ሽታው ከመጣ መብራት አያብሩ፣ አያጥፉም፤ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዘግተው በርና መስኮት ይክፈቱ። በኋላ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ቀብተው አረፋ የሚያወጣውን ይፈልጉ፤ ጎማው ላይ የታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ ካለፈም ይቀየር።

ምርጡ ቦታ በረንዳ ነው። የግድ ውስጥ ከሆነ የካቢኔው በር ከላይም ከታችም ክፍተት ያለው የእንጨት ርብራብ ይሁን፤ ርብራብ በር በአሁኑ ኪችን ውስጥ ጌጥ ነው። የጋዝ ጠቋሚ የሚገጥሙ ከሆነ ከወለል 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይሁን። ኮርኒስ ላይ የሰቀሉት ሰዎች ከጭስ ጠቋሚ ጋር አምታተውታል።

«ቀዩ ጠርሙስ ከምንም ጋር አይሄድም»

የአውሮፓ ደረጃ የእሳት ማጥፊያን አካል ቀይ ያደረገው ሆነ ብሎ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት እንዲታይ። ስለዚህ ቀለሙን አይታገሉት፤ አንድ ትራስ ወይም አንድ ሥዕል ላይ ያንኑ ቀይ ይድገሙት። ጠርሙሱን በር በሌለው የግድግዳ ጎድጓድ ውስጥ ወይም በመደርደሪያ ጎን ይስቀሉት፤ እጀታው ከ1.5 ሜትር በላይ አይውጣ። ቦታው ከምድጃው በላይ ሳይሆን በመውጫው በር በኩል ነው። አዲስ አበባ ላሉ፣ 939 የሚለውን የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥር አጠገቡ መለጠፍ ቦታ አይፈጅም።

«ከቦይለሩ ሥር ያለው ቫልቭ ግድግዳውን አበላሸ»

ይህ ቫልቭ የበዛ ግፊት ማስወጫ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ስለሚሰፋ ጥቂት ጠብታ መውጣቱ ጤናማ ነው። ቫልቩን በቡሽ መድፈን ቦይለሩን ለፍንዳታ ማዘጋጀት ነው። ቀጭን ጎማ ገጥመው በቱቦው ጎን እስከ ወለሉ መውረጃ ያውርዱት፤ ጫፉ ክፍት ይሁን። ጠብታው ውሃው ሳይሞቅም የማይቆም ከሆነ ወይ ቫልቩ አርጅቷል፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፤ ቧንቧ ሠራተኛ ይፈትሸው። ቦይለሩ ከጂፕሰም ኮርኒስ በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ከቫልቩ ሥር የሚከፈት ክዳን እንዲተው ይንገሩ፤ በኋላ ልቁረጥ ቢሉ ቀለሙንም ፑቲውንም እንደ አዲስ ያስከፍልዎታል።